ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ጢስና ስለ ቤተ ሰብ ገንዘብ

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አባቶቻችን ተናግረዋል። አውቶሞቢል ግን በሽታውን መሸሸግ አይችልም። የታመመ እንደ ሆነ በኋላው በኩል ጢስ እየላከ ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራል። የሚያሳዝነው ነገር፥ ባለቤቱ ከፊት ተቀምጦ ስለሚነዳ የገዛ መኪናውን ጢስ ከሰው ሁሉ በኋላ የሚያየው እርሱ መሆኑ ነው። ቢያየውም ደግሞ ብዙ ጊዜ ቋንቋውን አያውቀውምና፥ ተርጓሚ ፍለጋ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ ተርጓሚው የነገረውንም ሁሉ አምኖ ገንዘቡን ይከፍላል።

ክቡራን አንባብያን፥ ይህ ነገር ለወንዶችና ለመካኒኮች ብቻ የሚሆን ነው፥ በቤተ ሰብ ገጽ ምን ቦታ አለው? ትሉ ይሆናል። ነገር ግን አውቶሞቢል በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። ያን ጊዜ የንጉሥና የመኳንንት መደነቂያ የነበረው ዕቃ፥ ዛሬ ልጅን ወደ ትምህርት ቤት፥ ሕመምተኛን ወደ ሐኪም፥ እህልን ከገበያ ወደ ቤት የሚያመላልስ የቤት አገልጋይ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ በየቤቱ ያለው አሮጌ መኪና ተጠብቆና ታክሞ የሚኖር ንብረት መሆኑ ይበልጥ ተገልጧል። ስለዚህ ጢሱን ማንበብ መቻል እንደ ቤት ወጪ መዝገብ አያያዝ ያለ ዕውቀት ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ቤት የሆነው ነገር ነው። ባለቤቴ በ2013 ዓ.ም. ሲያርፍ ከተወልን ንብረት አንዱ በ1975 ዓ.ም. የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር፥ ቤንዚኑን በካርቡራተር የሚቀበል፥ ግንዱ ከብረት፥ ቴስታታው ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ባለቤቴ መኪናይቱን እንደ ጋማ ከብት ይወዳት ነበር፤ ዘይት የተቀየረበትን ቀን ሁሉ በደብተር ይጽፍ ነበር። እኔም ከእርሱ በኋላ ደብተሩን ሳላቋርጥ ቀጠልሁ። በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጧት ጧት ሞተሩ ሲነሣ ሰማያዊ ጢስ መውጣት ጀመረ። ጎረቤቴም በግቢው አጥር ላይ ሆና፦ «እትዬ፥ መኪናዎ እንደ ምድጃ ይጨሳል» አለችኝ።

መኪናይቱን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድሁ። የጋራዡ ሰው ኮፋኖውን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፥ በየሲሊንደሩ ያለውን የአየር ግፊት ኃይል፥ ማለት ኮምፕሬሽኑን፥ በመለኪያ ለካ። ከዚያም፦ «ከመጽሐፉ ቁጥር በሩብ ያህል ያንሳል፤ ፒስተኑና ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ወርዶ እንደ ገና መሠራት አለበት» አለኝ። የጠየቀኝ ዋጋ የልጄን የ1 ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያህል ነበር። በዚያው ቀን ከደጅ ቆሞ የነበረ አንድ ደላላ፥ መኪናይቱን እንዳለች ብሸጥለት እንደሚሻል መከረኝ፤ ያቀረበው ዋጋ ግን የብረቷን ዋጋ ያህል ቢሆን ነው። ወይ ከልጄ ትምህርት መቀነስ፥ ወይ የባለቤቴን መኪና መስጠት፥ ወይም መበደር ነበረብኝ። እኔም ለሁሉም ጊዜ ስጡኝ ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት በዚያ ቀን በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር።

በሰፈራችን ከሥራ የተሰናበቱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ወደ እርሳቸው ሄጄ ነገሩን ሳወራላቸው፥ ስለ ጢሱ ቀለም ከመጠየቃቸው በፊት፦ «ልጄ፥ መቼ መቼ ነው የሚጨሰው?» አሉኝ። ጧት ሲነሣ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? ዳገት ሲወጣ ነው ወይስ ቁልቁለት ወርዶ እንደ ገና ቤንዚን ሲሰጠው? ዘይቱ ይጐድላል ወይ? የራዲያተሩ ውሃስ? እኔም ደብተሩን ይዤ ስለ ነበር፥ ዘይቱ በ600 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር እንደሚጐድል፥ ውሃው ግን ምንም እንደማይጐድል ነገርኋቸው። እርሳቸውም ከዚያ ወዲያ በ3 ቀን ውስጥ ያስተማሩኝን ሁሉ፥ በኋላም አንብቤ ያረጋገጥሁትን ጨምሬ፥ እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ።

ስለ ነጭ ጢስ

ነጭ ጢስ የውሃ ነገር ነው። ነገር ግን ነጭ ያየ ሁሉ ሊደነግጥ አይገባውም። 1 ሊትር ቤንዚን ሲነድ 1 ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወለዳል፤ ይህም በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት የቀዘቀዘውን ማርሚታ ሲነካ እንደ ሰው ትንፋሽ ነጭ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው ሳሳ ያለ ነው፤ ወዲያው በአየር ላይ ይጠፋል፤ ሞተሩም ሲሞቅ ፈጽሞ ይቀራል። ይህ በሽታ አይደለም።

በሽታ የሚሆነው ነጩ ጢስ ወፍራም ሆኖ፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ሳይቋረጥ ሲወጣና የራዲያተሩ ውሃ ያለ ምክንያት ሲጐድል ነው። ያን ጊዜ በሞተሩ ግንድና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ፥ ወይም ቴስታታው ራሱ ጠምሞ ወይም ተሰንጥቆ፥ ውሃው ወደ ሲሊንደር እየገባ መሆኑ ያጠራጥራል። ራዲያተሩ ፀረ ዝገት ፈሳሽ ያለበት እንደ ሆነ ጢሱ ጣፋጭ ሽታ አለው። ሌላው ምልክት፥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ቢያስነሡት፥ በውሃው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ መፍላቱ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚገኝ ቡና በወተት የመሰለ ቅባትም ውሃና ዘይት መቀላቀላቸውን ያመለክታል፤ ነገር ግን መኪናው ሁልጊዜ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፥ ከእንፋሎት የተነሣ ጥቂት እንዲህ ያለ ቅባት ሊገኝ ስለሚችል በዚህ ብቻ ሊፈረድ አይገባም።

በአዲስ አበባ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ ውሃ በዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃውን በግፊት ይዞ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በጥቂት ገንዘብ የሚገዛው ይህ ክዳን ሲያረጅ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል፤ አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ በሙቀት የሚለጠጥ ስለ ሆነ ቴስታታው ይጠምማል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ክዳኑን መክፈት ፊትንና እጅን የሚያቃጥል አደገኛ ነገር ነውና ማንም ሰው አያድርገው፤ ለልጆችም ይነገራቸው።

ስለ ጥቁር ጢስ

ጥቁር ጢስ የቤንዚን ብዛትና የአየር ማነስ ነው። ኩራዝ ክሩ ሲረዝም እንደሚያጠቁር ማለት ነው። ምክንያቱ የአየር ፊልትሮው በአቧራ መታፈኑ፥ ጧት ለማስነሻ የሚሳበው ቾክ ሳይመለስ መቅረቱ፥ ወይም በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚቈጣጠረው መርፌ አልዘጋ ማለቱ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ያለ ብዙ ወጪ የሚስተካከሉ ናቸው። የከፍታው ነገር በዚህም ይገባል። የአዲስ አበባ አየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከ4 እጅ 3 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ለቆላ አገር የተለካ ካርቡራተር በዚህ ሲሠራ ቤንዚን ያበዛል። ብልህ መካኒክ የቤንዚኑን ቀዳዳ በጠበበው ይለውጠዋል።

ጥቁሩን ጢስ ንቆ መተው ግን አይገባም። የተረፈው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል፤ ፋሻውም ያለ ዘይት እየተፋጨ ያልቃል። እንግዲህ ዛሬ በፊልትሮ ዋጋ የሚድን ጥቁር ጢስ፥ ነገ በሞተር ዋጋ የማይድን ሰማያዊ ጢስ ይወልዳል ማለት ነው።

ስለ ሰማያዊ ጢስ

ሰማያዊ ጢስ የሚነድ ዘይት ነው። ሽታውም በምጣድ ላይ እንደ ተቃጠለ ዘይት ይከረፍፋል። ዘይት ወደ እሳቱ የሚገባባቸው ዋና መንገዶች 2 ናቸው፤ አንዱ ከታች በፋሻው በኩል፥ ሁለተኛው ከላይ በቫልቮላዎቹ በኩል ነው። ሽማግሌው «መቼ መቼ» ብለው የጠየቁኝ እነዚህን ለመለየት ነበር።

ፋሻው ያለቀ ሞተር ዳገት ሲወጣና ጭነት ሲይዝ፥ ቤንዚን በተሰጠው ቍጥር ሳያቋርጥ ይጨሳል። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈትም በኃይል ይተነፍሳል። የቫልቮላው ጎሚኒ፥ ማለት ዘይት እንዳይወርድ የሚከለክሉት ትንንሽ የጎማ ቆቦች፥ ያረጁበት ሞተር ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ዘይቱ በቫልቮላው ዘንግ እየተንጠባጠበ ይወርድና ጧት ሲነሣ አንድ ጊዜ ቡልቅ ብሎ ይጨሳል፤ ከዚያም ይጠራል። ረጅም ቁልቁለት ያለ ቤንዚን ሲወርድ ደግሞ፥ የአየሩ በር ስለሚዘጋ ሞተሩ ትንፋሹን በብርቱ ይስባል፤ በዚህ ጊዜ ዘይቱን ከላይ ይስበዋል፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ ቤንዚን ሲሰጠውም የተጠራቀመው ዘይት በአንድ ጊዜ ይነድዳል። ከእነዚህም ሌላ ዘይት ከመጠን በላይ መሙላትና የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ መደፈን ሰማያዊ ጢስ ስለሚያመጡ፥ አስቀድሞ እነርሱን መመልከት ይገባል።

እኛም ከእንጦጦ እስከ ከተማው ድረስ በመኪናይቱ ወረድን። ሽማግሌው ከኋላ በሌላ መኪና ይከተሉኝ ነበር። በመንገዱ ሁሉ ጢስ አልታየም፤ ከግርጌው ደርሼ ቤንዚን ስሰጣት ግን ሰማያዊ ደመና ወጣ፤ ወዲያውም ጠራ። በማግስቱ ዳገቱን ስንወጣ ምንም አልጨሰችም።

ከዚህ በኋላ ኮምፕሬሽኑ እንደ ገና ተለካ። ሞተሩ ሞቆ ነበር፤ 4ቱም ካንዴላዎች ወጡ፤ የእሳቱ ሽቦ ተለየ፤ የቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተረገጠ። መስጫው ካልተረገጠ አየር በሙሉ ስለማይገባ መለኪያው በሐሰት ያንሳል። ከፍተኛው 8 ኪሎ ከሩብ፥ ዝቅተኛው 8 ኪሎ ሆነ። ሽማግሌውም እንዲህ አሉኝ፦ «የመጽሐፉ ቁጥር ለቆላ አገር ነው። በጅቡቲ 11 ኪሎ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 8 ከሩብ ገደማ ያሳያል፤ ያነሰው አየሩ እንጂ ሞተሩ አይደለም። አንቺ መመልከት ያለብሽ 4ቱ እኩል መሆናቸውን ነው»። ለማረጋገጥም በየሲሊንደሩ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ለኩ። ፋሻው ያለቀ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚዘጋው ቁጥሩ በብዙ ይጨምር ነበር፤ የእኛው ግን ጥቂት ብቻ ጨመረ። ስለዚህ ፋሻው ደኅና ነበር፤ ያረጁት ጎሚኒዎቹ ናቸው።

የጋራዡ ሰው ያየው ቁጥር እውነተኛ ቁጥር ነበር፤ ፍርዱ ግን የሌላ አገር ፍርድ ሆነ። ሆን ብሎ ያደረገው ይሁን ባለማወቅ፥ በዚህ ላይ መከራከሩን ትቼዋለሁ። ነገር ግን ምክሩን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚለው ተረት በቤቴ ይፈጸም ነበር።

ጎሚኒዎቹ ሞተሩ ከቦታው ሳይነሣ በ1 ቀን ተለወጡ። የከፈልሁት ሁሉ መጀመሪያ ከተጠየቅሁት ከ10 እጅ 1 እጅ አልሞላም። ዛሬ መኪናይቱ 2,000 ኪሎ ሜትር ሄዳ 1 ሊትር ዘይት አትጨርስም። ልጄም ትምህርቱን አላቋረጠም።

ስለማይታየው ጢስ

ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር በመጨረሻ እናገራለሁ። ቀለም ያለው ጢስ ገንዘብን ያጠፋል፤ ቀለም የሌለው ግን ነፍስን ያጠፋል። ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ አይታይም፤ አይሸትም። በደም ውስጥ የአየርን ቦታ ስለሚይዝ አስቀድሞ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ከዚያም ሰውነትን አድክሞ ያስተኛል፤ ሲበዛም ይገድላል። ስለዚህ የመኪናዬ ጢስ ጠርቷል ብሎ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሞተር ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም፤ በሩን ከፍቶ መተውም በቂ አይደለም፤ መኪናው ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

በአሮጌ መኪና ደግሞ ማርሚታው በዝገት ሊበሳ፥ የወለሉ ቀዳዳና የኋላው ክዳን ጎማም ሊያረጅ ይችላል። ጢስ መውጫ አያጣም እንደሚባለው፥ መርዙ በዚያ በኩል ልጆች ወደሚቀመጡበት ይገባል። ልጆች በመኪና በተጓዙ ቍጥር ራሴን አመመኝ፥ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ የሚሉ እንደ ሆነ፥ የጉዞ ድካም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። መስኮት ከፍቶ ወደ ውጭ ማውጣት፥ ሕመሙ ከበረታም ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል፤ መኪናውም ማርሚታው ሳይመረመር ልጆች አይሣፈሩበት።

ስለ አሠራር ምክር

የቤት አባወራም ሆነ እመቤት ይህን ሁሉ በእጁ ይሥራ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት 4 ነገሮችን በደብተር ጽፎ መሄድ ይቻላል፤ እነርሱም የጢሱ ቀለም፥ የሚወጣበት ጊዜ፥ የዘይቱና የውሃው መጠን፥ የካንዴላዎቹም መልክ ናቸው። የደኅና ሞተር ካንዴላ ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ነው። ደረቅ ጥላሸት የያዘ እንደ ሆነ የቤንዚን ብዛትን፥ ጥቁርና ርጥብ ቅባት ያለው እንደ ሆነ ዘይትን፥ ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የጸዳ የመሰለ እንደ ሆነ ውሃ መግባቱን ያመለክታል። ጢሱን ለማየት ሌላ ሰው ከኋላ እንዲከተል ማድረግ ይሻላል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰውም ሻጩን ሞተሩን ሳያስነሣ እንዲቈየው ለምኖ፥ ጧት ቀዝቃዛውን ሲነሣ ይመልከተው፤ አስቀድሞ አሙቆ የሚያቀርብ ሻጭ የጧቱን ጢስ ሊሸሽግ ይችላልና። ሞተር ይውረድ የሚል ፍርድ ሲሰማም፥ ኮምፕሬሽኑ በየሲሊንደሩ ስንት እንደ ሆነ፥ በዘይትም ሲለካ ስንት እንደ ጨመረ በጽሑፍ ይጠይቅ። ቅን መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቈጣም፤ ሥራውን የሚያውቅ ደንበኛ በማግኘቱ ይደሰታል እንጂ።

ሁሉ አሮጌ ሞተር ይድናል ማለትም አይደለም። ፋሻው በእርግጥ ያለቀ፥ ግንዱም የተሰነጠቀ ሞተር አለ፤ ያን ጊዜ ወጪውን አስቦ መለየት ይገባል። ነገር ግን ፍርዱ ከምርመራ በኋላ ይምጣ እንጂ ከምርመራ በፊት አይምጣ። በቤታችን ያለውን ዕቃ ጠባዩን ማወቅ፥ ዕቃውን ከመጠበቁም በላይ፥ ለልጆች የተመደበውን ገንዘብ ለልጆች እንዲውል ያደርጋል።